ንክሻንና ትኩሳትን የሚያገናኝ ሥዕል

ወባ በሚበዛባቸው ያገራችን ቀበሌዎች «እሸት በቆሎ በላሁና ወባ ያዘኝ» የሚል ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይህን ሰምቶ የሚስቅ የተማረ ሰውም አይታጣም። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ በቆሎው እሸት ይሆናል፤ በዚያው ወራት ዝናሙ በየጉድጓዱና በከብት ኮቴ ዱካ ያቆረው ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናታል፤ ስለዚህም እሸቱና ትኩሳቱ ተከታትለው ወደ አንድ ቤት ይገባሉ። ገበሬው ሁለቱንም በዓይኑ አይቷል፤ ያየውም እውነት ነው። ያላየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ትኩሳቱ ከመነሣቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ያህል አስቀድሞ፣ በአንዲት ሌሊት ተኝቶ ሳለ፣ ትንኟ የነከሰችው መሆኑን ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ገበሬ ብቻ አይደለም። የጥንት የኢጣልያ ሰዎች በረግረግ አጠገብ የሚያድር ሰው በትኩሳት እንደሚያዝ አይተው በሽታውን «ማላሪያ» አሉት፤ ትርጓሜውም «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ረግረጉን መጠርጠራቸው ትክክል ነበር፤ ጥፋቱን ግን ለአየሩ ሰጡት። የተማሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲሁ ሲያምኑ ኖረዋል። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም ሻርል ላቭራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ የበሽታውን ተውሳክ በሕመምተኛ ደም ውስጥ እስኪያይ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስም እ.ኤ.አ. በ1897 በህንድ አገር ተውሳኩን በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኝ ድረስ ምሥጢሩ አልተገለጠም ነበር።

የገበሬያችን አስተያየት ጨርሶ ከባዶ እንዳልተነሣ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ባገራችን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ ውሃ ላይ በረገፈ ጊዜ የትንኟ እጮች እየተመገቡት ፈጥነው እንደሚያድጉ አመልክቷል። እንግዲህ በቆሎ በመበላቱ ወባ አያመጣም፤ ባቆረ ውሃ አጠገብ በመብቀሉ ግን ትንኟን ይቀልባል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሰው እንዴት እናስተምረው? «በቆሎ ወባ አያመጣም» ብሎ መገሠጽ ብቻ አይበቃም። ዓይን ያየውን ነገር ባዶ ቃል አይሽረውም፤ ያላየውን ጨምሮ ማሳየት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው፤ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ወይም በዛሬው አጠራር አኒሜሽን፣ ለጤና ትምህርት የሚሰጠው ከፍተኛ አገልግሎት ረቂቁን ማጉላቱ ሳይሆን ረዥሙን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። ንክሻውንና ትኩሳቱን የለያያቸው የቀኖች ብዛት ነው። ሥዕሉ እነዚያን ቀኖች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሳልፎ ምክንያቱንና ውጤቱን ጎን ለጎን ሊያቆማቸው ይችላል። ይህን ካላደረገ ቀለሙ ቢያምር፣ ሙዚቃውም ቢጥም፣ ስለ ወባ ያስተማረው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ የሥዕል አዋቂዎች ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባገራችን በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም፣ አጎበሩም፣ የጤና ኬላውም በዝቷል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞችና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ትኩሳቱን ያመጣው እሸቱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እሸቱን ይተዋል እንጂ አጎበሩን አይዘረጋም፤ ትኩሳቱም በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ በመሄድ ፈንታ የበላው እስኪወጣለት ይጠብቃል። የጠፋው የአሳብ ማያያዣ የሰው ሕይወት ይዞ ይጠፋል።

አሁን ስለ ሥራው ጥቂት እንናገር። የሲኒማ ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ያሳልፋል። የሥዕል ሠራተኞች ድካም ለመቀነስ ሲሉ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ የማሳየት ልማድ ስላላቸው፣ በሴኮንድ 12፣ በደቂቃ ደግሞ 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ዛሬ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ኮምፒውተር ስለሚሠራቸው የእጅ ድካሙ ቀሏል። የአሳቡ ድካም ግን አልቀለለም፤ ምን ይታይ፣ ምንስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ዛሬም ሰው ነው።

ይህ ጥበብ ገና በጅምሩ ስለ ትንኝ መናገሩ የሚያስደንቅ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንዞር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1912 በሠራው አጭር ፊልም ባርኔጣ የደፋ ግዙፍ ትንኝ የተኛ ሰው ደም ሲመጥ አሳይቷል። ያ ለመሣቂያ የተሠራ ስለ ነበር ትንኙ እንደ ወንድ መሣሉ ነቀፌታ የለበትም፤ ለትምህርት ቢሆን ኖሮ ግን ጥፋት በሆነ ነበር፤ ደም የምትመጠው ለእንቁላሏ ምግብ የምትሻው ሴቲቱ ብቻ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ የዋልት ዲዝኒ ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት አሳሳቢነት ስለ ወባ የሚያስተምር ፊልም ሠራ። በዚያ ውስጥ በተረት የታወቁት ሰባቱ ድንኮች ረግረግ ሲደፍኑ፣ በውሃ ላይ ዘይትና መርዝ ሲረጩ፣ መኝታቸውን በአጎበር ሲሸፍኑ ይታያሉ። በትጋት የተሠራ ፊልም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የተመከረው መርዝ አርሴኒክ ያለበት ነበርና ዛሬ ማንም ለማንም አይመክረውም። ከዚህ የምንማረው ሥዕል ከያዘው ምክር ይልቅ ረዥም ዕድሜ እንዳለው ነው፤ ስለዚህ ሠሪው ሥራውን እየመረመረ ማደስ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ በየግድግዳው ተለጥፎ የምናየው የወባ ሥዕል ክብ ነው። ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝም ወደ ሰው የሚያመለክቱ ቀስቶች አሉበት። ቀስቶቹ ሁሉ ርዝመታቸው አንድ ነው፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ትንኟ የሕመምተኛውን ደም የምትመጠው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ተውሳኩ ግን በሆዷ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ 10 ቀን ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በነከሰችው ሰው ሰውነት ውስጥ በመጀመሪያ ወደ ጉበት ገብቶ ይራባል፤ ቀጥሎም ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይወጣል፤ ትኩሳቱም የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የአንዱ ጎረቤት ሕመም የሌላው ጎረቤት ሕመም እስኪሆን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ያልፋል። የግድግዳው ሥዕል ደቂቃውንና ሳምንቱን በአንድ ዓይነት ቀስት ስላመለከተ፣ ተመልካቹ የሚፈልገውን ዋናውን ነገር ሰውሮበታል።

አሁን በኮምፒውተር ከሚሠሩት ሥዕሎች ብዙዎቹ ይህንኑ የግድግዳ ሥዕል አንቀሳቅሰው ከማሳየት አያልፉም። ቀዩ የደም ሕዋስ ይሽከረከራል፤ ተውሳኩ እንደ ዕንቁ ያበራል፤ ቀስቱም ብልጭ ይላል። ተመልካቹ ይደነቃል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እሸቱን እንደ ጠረጠረ ይኖራል።

በእኛ አስተያየት ሥዕሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንድ የገበሬ ግቢ ይሣል፤ ከቤቱም ኋላ የበቆሎ ማሳ ይኑር። በግቢው ሦስት ልጆች አሉ። በመጀመሪያይቱ ሌሊት የበቆሎው ፍሬ ገና ወተት አልሞላም። ሁለቱ ልጆች ያለ አጎበር ተኝተዋል፤ ትንኟም ሁለቱን ትነክሳቸዋለች። ሦስተኛዋ ልጅ ከአጎበሯ ውስጥ ናት፤ ትንኟ በውጭ ዞራ ትሄዳለች። ከዚያም ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ጨረቃም እንዲሁ። ተራኪው «አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን» እያለ ይቆጥራል። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ በቆሎውም በየቀኑ እየሞላ ይሄዳል። በአሥረኛው ቀን እሸት ይጠበሳል። ከሁለቱ ከተነከሱት አንደኛው ይበላል፤ ሁለተኛው አይበላም። በአጎበር ያደረችው ልጅ ግን ትበላለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለቱ የተነከሱት ልጆች ይንቀጠቀጣሉ፤ የበላውም ያልበላውም። በአጎበር ያደረችውና እሸቱን የበላችው ልጅ ጤነኛ ናት።

እዚህ ላይ ሥዕሉ ቆም ይበልና ወደ ኋላ ይመለስ፤ ቀኖቹም አንድ በአንድ እየተገለበጡ እስከዚያች ሌሊት ይድረሱ። ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው እሸቱን ነፃ ያወጣዋል፤ ትንኟንም ይይዛታል። በቆሎው ተከሳሽ መሆኑ ቀርቶ የቀን መቁጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ የሚያበራ ተውሳክ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ተመልካቹ አስቀድሞ ያስተዋለውን ነገር አክብሮ መነሣት ነበር።

ለአንድ ሥዕል አንድ አሳብ ይበቃዋል። ከወባ ዓይነቶች አንዱ በጉበት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ቆይቶ እንደገና እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ይህ ታላቅ ነገር ስለሆነ ለብቻው ሌላ ሥዕል ይገባዋል። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ቢጨመር ግን የተቆጠሩትን ቀኖች ያደናግራል። ሊቅነት ሁሉን መናገር አይደለም፤ የሚቀረውን ማወቅም ሊቅነት ነው።

የግድ ማጉላት ካስፈለገም መጠኑን መጠበቅ ይገባል። አንድ ተደጋግሞ የሚነገር ታሪክ አለ፤ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ቁመቷ እንደ ሰው የሆነች ትንኝ ያዩ ሰዎች «እንዲህ ያለች ትልቅ ትንኝ ባገራችን ስለሌለች እኛን አያሰጋንም» ብለው ሄዱ ይባላል። ታሪኩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ትክክል ነው። ትንኟ በመጀመሪያ በልጁ ክንድ ላይ በተፈጥሮ መጠኗ ትታይ፤ ከዚያ ሥዕሉ ሳይቋረጥ ቀስ እያለ ይቅረባት፤ በመጨረሻም ወደ ክንዱ ይመለስ። በድንገት ከትንሽ ወደ ትልቅ መዝለል ተመልካቹን ሌላ አገር እንደ መጣል ነው።

ስፍራውም እንደ መጠኑ ሁሉ እውነተኛ መሆን አለበት። ከላይ የተናገርነው የበቆሎ ማሳ ለገጠሩ ይስማማል፤ ለድሬዳዋ ግን አይሆንም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ጥንተ አገሯ ደቡብ እስያና የዐረብ ምድር የሆነ ሌላ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ተገኝታለች። ይህችኛዋ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ የውሃ ታንክ፣ ለግንባታ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ከሆኑት እርሷ ዋነኛዋ እንደሆነች ተረጋግጧል። እንግዲህ ለከተማው ነዋሪ ረግረግና በቆሎ ብቻ ብናሳየው «ወባ የገጠር በሽታ ነው» ብለን እንዳስተማርነው ይቈጠራል፤ እርሱም በርሜሉን ሳይከድን ያድራል። ለእርሱ የሚሆነው ሥዕል ሌላ የቀን መቁጠሪያ ያሻዋል፤ ምናልባት የሚሞላና የሚጎድል የውሃ በርሜል ሊሆን ይችላል። ተራኪውን ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ መለወጥ ቀላል ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ግቢ ሳይለውጡ ድምፁን ብቻ መለወጥ ግን ግማሽ ሥራ ነው።

ሠሪው ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ጆን ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ጽሑፉ የተረከው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአፍሪካ በአንድ መንደር በየቤቱ አጠገብ የታቆረ ውሃን ስለማስወገድ የሚያስተምር ፊልም ታየ። ይህ በካሜራ የተነሣ ፊልም ነበር እንጂ የእጅ ሥዕል አልነበረም። ተመልካቾቹ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ «ዶሮ አየን» አሉ። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ዶሮ መኖሯን እንኳ አያውቁም ነበር፤ እንደገና ሲመረምሩት በእርግጥ አንዲት ዶሮ ለአንድ አፍታ በጥግ በኩል አልፋ ኖሯል። በዚህ ተመልካቾቹን መናቅ አይገባም። ከሚያውቁት ኑሮ ውስጥ የሆነችውንና ፈጥና የተንቀሳቀሰችውን ነገር ነው ያዩት፤ ጉድለቱ የሠሪዎቹ ነው።

በእጅ በሚሣል ሥዕል ውስጥ ያልተሣለ ዶሮ አይገባም፤ ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የተሣለው ሁሉ ይነበባል፤ ለጌጥ የገባችው ወፍ፣ የልጁ ልብስ፣ የቤቱ ክዳን ሁሉ ይነበባል። ስለዚህ ሥዕሉ ገና በእርሳስ ተነድፎ ሳለ፣ ቀለምና ሙዚቃ ሳይጨመርበት፣ ለሚታይላቸው ሰዎች ይታይ። «ገባችሁ ወይ?» ተብለው አይጠየቁ፤ ጨዋ ሰው ሁሉ እንግዳውን ላለማሳፈር «ገባን» ይላልና። ይልቅስ «ምን አያችሁ? ልጁን ያሳመመው ምንድን ነው? መቼስ ያዘው?» ተብለው ይጠየቁ። እናቲቱ «የዚያን ሌሊት ነው» ብላ ከመለሰች ሥዕሉ ተፈጽሟል፤ «እሸቱ ነው» ካለች ደግሞ ሠዓሊው ወደ ጠረጴዛው ይመለስ። ገንዘብ ቢያጥር ቀለሙ ይቀነስ፣ ሙዚቃው ይቅር፣ ርዝመቱም ይጠር፤ ይህ ጥያቄ ግን አይቅር።

«መብራት በሌለበት፣ ቴሌቪዥንም ባልገባበት ቀበሌ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቃሏ ታስተምር የለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የእርሷን ስፍራ ሥዕል አይወስድም። ስለ እሸቱ በየቤቱ የሚባለውን ሰምታ የምታውቀው፣ ለሚጠይቃትም የምትመልሰው እርሷ ናት። ነገር ግን 12 ቀን በአንድ ጊዜ ቆጥራ ልታሳይ አትችልም። የአንድ ደቂቃ ሥዕል በእጅ ስልኳ ይዛ በጤና ኬላው በረንዳ ላይ ለአምስት እናቶች ብታሳይና ቀጥላ ብታወያያቸው፣ ሥዕሉና ቃሏ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሥዕሉን የሚሠሩትም ንድፉን ከመጀመራቸው በፊት እርሷን ቢጠይቁ የብዙ ወር ድካም ይተርፋቸዋል።

ባለሙያ ያገራችን ልጆች እንዳሉን ጥርጥር የለውም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ፀሐይን የማያውቅ ሕፃን ጥቂት ነው፤ እርሷም ንጽሕናንና ጤናን በአማርኛና ባገራችን ለዛ ስታስተምር ቆይታለች። ስለዚህ የጎደለን ጥበብ አይደለም። የሚያስፈልገን ሥዕሉን የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ሠዓሊዎችና የጤና ባለሙያዎች ከሥራው በፊት «ይህ ሰው ያየው ምንድን ነው? ያላየውስ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ሥዕሉ እስኪሠራ ድረስ አንተም በቤትህ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ። በቤትህ ሰው በትኩሳት ቢያዝ ትላንት የበላውን ከመቁጠርህ በፊት ሳትዘገይ ወደ ጤና ኬላ ውሰደውና ደሙ ይመርመር። ከዚያም ጣቶችህን ዘርግተህ ወደ ኋላ 12 ቀን ያህል ቁጠር፤ የዚያን ሰሞን ማን በአጎበር እንዳደረ፣ ማንስ ያለ አጎበር እንዳደረ፣ በግቢህም የትኛው ውሃ ሳይከደንና ሳይደፋ እንደቆየ አስብ። ያን ካሰብህ በኋላ ዛሬ ማታ አጎበሩን ዘርጋ፤ ዛሬ የምትዘረጋው ከ12 ቀን በኋላ ሊመጣ ለሚችለው ትኩሳት ነውና።